የተሸነፈ ይነሳል

በ2083 ዓ.ም. አዲስ አበባ ውስጥ ፊት ለፊት «አይሆንም» የሚል ሰው ለማግኘት ጀሞ ድረስ መሄድ ያስፈልግ ነበር። እኔ ሦስት ጊዜ ሄጃለሁ። ሦስቱንም ጊዜ የሄድኩት ለሽምግልና ነው፤ ሦስቱንም ጊዜ ያሳለፍኩት ደግሞ ቆሜ ነው። ጉልበቴ ዛሬም ድረስ ቂም ይዞብኛል።

ያን ጊዜ ሰው ከሰው ጋር የሚነጋገረው በወኪሉ በኩል ነበር። ወኪል ጆሮ ውስጥ የሚገባ ትንሽ ማሽን ነው፤ የሚባልህን ይሰማል፣ ያለሰልሳል፣ ከዚያ ለአንተ ያቀብላል። «አይሆንም» ካሉህ «ጊዜው ሲደርስ» ይልሃል። «ድምፅህ ያስጠላል» ካሉህ «ድምፅህ ከሌላው ይለያል» ይልሃል። አንድ የቢሮ ባልደረባችን ከሥራ ተሰናብቶ ሳለ ዕረፍት የተሰጠው መስሎት ላንጋኖ ዳር ሲዝናና ከርሟል። ተመልሶ ሲመጣ ጥበቃው «እዚህ አትሠራም» አለው፤ ወኪሉም «ዕረፍትህ ተራዝሟል» ብሎ ተረጎመለት። አመስግኖ ሄደ።

ጌሙም ከዚህ አይለይም። ስክሪኑ የሚሰማው ጣትህ የት እንዳረፈ ሳይሆን ልብህ ምን እንደፈለገ ነው። ኳስ ብትጫወት ታገባለህ፤ መኪና ብትነዳ ትቀድማለህ። ሁለት ሰው ከተጫወተ ሁለቱም ያሸንፋሉ፤ ለሁለቱም ዋንጫ ይወጣል፣ ለሁለቱም ይጨበጨባል። እኔ ራሴ የምሥራቅ አፍሪካ ሻምፒዮን ነበርኩ። ያልነበረ ሰው አላውቅም።

ሰልፍም ቀርቷል። ወኪልህ ከሌሎች ወኪሎች ጋር ተሰልፎ ተራህን ይጠብቅልሃል፤ አንተ ቤትህ ተጋድመህ ሳለህ ይጠራሃል። የመጨረሻው ማን ነው ብሎ መጠየቅ፣ ተገፍትሮ መገፍተር፣ ይሄ ሁሉ ተረስቷል። ጥሩ ዘመን ነበር ብል አልዋሽም። ጥሩ ነበር፣ ግን ሰው ልጁን ለማን እንደሚሰጥ ማወቅ ሲፈልግ ያስቸግር ነበር።

ለሽምግልና የላከኝ ደምሰው ይባላል። እኔ በምመራው የዝናብ ውሃ ክፍል ውስጥ የሚሠራ፣ ሠላሳ ዓመት ያልሞላው፣ ጨዋ ልጅ ነው። ደምሰው የሚለው ስም ያኔ አዲስ ፋሽን ነበር። ወጣቶቹ ሁሉ ደምሰው፣ አስካለ፣ ይመኙሻል ሲሆኑ ሽማግሌዎቹ እነ ዮናታን፣ እነ ሶልያና፣ እነ ናትናኤል ነበሩ። በደምሰው ላይ የማወጣው እንከን የለም። አንድ ነገር ብቻ፤ ከተወለደ ጀምሮ ማንም ምንም ከልክሎት አያውቅም።

አስካለን ያገኛት የጀሞን የጣሪያ ውሃ ቧንቧ ሊያይ በሄደበት ቀን ነው። የወኪሉ ባትሪ አልቆ ነበር። እሷ ወኪል ኖሯት አያውቅም፤ አባቷ አልፈቀዱም። ደምሰውን ከላይ እስከ ታች አይታ፣ «ሸሚዝህ አያምርብህም» አለችው። በማግሥቱ ቢሮ ሲመጣ ያን ሸሚዝ አልለበሰም። አጠገቤ ቁጭ አለና «ጋሼ፣ ይህች ልጅ ታየኛለች» አለኝ። ዓይኑ እንባ አቅርሯል። እኔም ሆዴ ባባ፤ እኔን ማን አየኝ ብዬ።

እንደ ዘመኑ ቢሆን ሽምግልናው ሻይ ሳይቀዘቅዝ ያልቅ ነበር። የሁለቱ ወኪሎች ተነጋግረው፣ አዳራሹን ተከራይተው፣ የሚዜዎቹን ልብስ ቀለም ሳይቀር ይወስናሉ። የአስካለ አባት ጋሽ ዮናታን ግን ወኪል የላቸውም። አስካለም ቁርጡን ነገረችው፤ «አባቴ በገዛ አፉ እሺ ካላለ አላገባህም። ሰው ላክ፤ እግር ያለው ሰው።»

እግር ያላቸው ሦስት ሰዎች ተገኘን። እኔ፤ የደምሰው ጎረቤት ጋሽ ናትናኤል፣ ሆደ ቡቡ ሰው ናቸው፤ እና እማማ ሶልያና። ከሦስታችን ሽምግልና በዓይናቸው አይተው የሚያውቁት እሳቸው ብቻ ነበሩ፤ ያም በልጅነታቸው፣ በመጋረጃ ቀዳዳ። «ዋናው ነገር አለመቀመጥ ነው» አሉን። «ተቀመጡ ይሏችኋል። አትቀመጡም። ጉዳያችን እሺ ሳይባል መቀመጥ ነውር ነው።»

«እሺ እስኪሉ ምን ያህል ይቆያል?» ብለው ጋሽ ናትናኤል ጠየቁ።

«እሱ እንደ አባትየው ነው» አሉ እማማ ሶልያና።

ጋሽ ዮናታን የሚኖሩት በአሮጌው ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ሊፍት የለውም። በር ላይ ሰማያዊ ሳፋ ይዘው ጠበቁን፤ «ወኪሎቻችሁን እዚህ ጨምሩ» አሉ። ከጆሯችን እያወጣን ጨመርን። እንደዚያ ዓይነት ጸጥታ ሰምቼ አላውቅም። ከታች ፎቅ ሰው ሲያስነጥስ እንኳ ማንም «ሰላም እያለህ ነው» ብሎ ጆሮዬ ውስጥ አልተረጎመልኝም።

«ተቀመጡ» አሉ።

«ቆመን ነው የምንናገረው» አሉ እማማ ሶልያና፣ በኩራት።

እኔ ጉሮሮዬን ጠረግኩና የተማከርንበትን ተናገርኩ። ልጅ አለን፣ ልጅ አለዎት፣ የእኛን ልጅ ልጄ ብለው የእርስዎን እንዲሰጡን ነው የመጣነው አልኩ። ጋሽ ዮናታን ሰምተው ሲጨርሱ «አይሆንም» አሉ።

ቃሉ እንዲሁ ባዶውን መጣ፤ ያለሰለሰው የለም። ጋሽ ናትናኤል ግድግዳውን ያዙ። ፊታቸው ነጣ። ለብዙ ዓመት የዚያ ቃል ድምፅ ጆሯቸው ደርሶ አያውቅም። አስካለ ከማድ ቤት ውሃ አምጥታ ሰጠቻቸው። ቆመው ጠጡ።

«ልጁ የታለ?» አሉ ጋሽ ዮናታን።

«ታች ነው። ግን እኮ ሽማግሌ ባለበት...» ብለው እማማ ሶልያና ጀመሩ።

«ጥሩት። ልጄን የምድረው ለእናንተ አይደለም።»

ደምሰው ሲገባ ጋሽ ዮናታን ከሶፋው ሥር አንድ ታብሌት አወጡ። እንደ ትሪ ሰፊ ነው፤ ጠርዙ በፕላስተር ተጠቅልሏል። ውስጡ ኢሙሌተር የሚባል ፕሮግራም አለ፤ ሥራው የሞቱትን የጌም ማሽኖች እየመሰለ፣ ጌሞቹን አሁንም ቤታችሁ ናችሁ ብሎ ማታለል ነው። ቁልፎቹ መስታወቱ ላይ የተሳሉ ክብ ክብ ነገሮች ናቸው። ጣት ሲዳስሳቸው ምንም አይሰማውም፤ ስለዚህ ጋሽ ዮናታን በየቁልፉ ዳር የአተር ክክ በሱፐር ግሉ ለጥፈዋል። ክኩ ከብዙ ዓመት መዳሰስ ጠቁሮ ነበር።

«ልጅ ሆኜ እዚህ ሰፈር ጌም ቤት ነበር» አሉ። «ሕጉ አንድ ነው። የተሸነፈ ይነሳል። ጆይስቲኩን ለሚቀጥለው ያቀብላል። ቤቱ ሙሉ ልጅ፣ አንድ ማሽን። እዚያ ቤት ሰው አየሁ። ማን ምን እንደሆነ ያወቅኩት ሲያሸንፍ አይደለም፣ ሲነሳ ነው። ልጄን የሚወስድ ሰው ተሸንፎ ሲነሳ ማየት እፈልጋለሁ። ሲነሳ የሚለውን ልስማ።»

«ምንድን ነው ማለት ያለበት?» አልኩ። ለስብሰባ የተዘጋጀ ሰው ነኝ፤ መልሱን አስቀድሜ ማወቅ እወዳለሁ።

«እሱ ከተነገረውማ ምን ዋጋ አለው?»

ትከሻ ለትከሻ ሶፋው ላይ ተቀመጡ፤ ታብሌቱን በሁለቱ ጭን ላይ አጋደሙት። የድሮ ኳስ ነበር። ተጫዋቾቹ እግራቸው የክብሪት እንጨት ያህላል፤ ሜዳው እንደ ብርድ ልብስ አረንጓዴ ነው። ደምሰው ጣቱን መሃል መስታወቱ ላይ አሳርፎ ፈገግ እያለ ጠበቀ። ተጫዋቾቹ ቆመው ቀሩ።

«ይሄ ለምን አይሄድም?» አለ።

«አላዘዝከውማ።»

«ምን እንደምፈልግ አያውቅም?»

«ከየት ይወቀው?» አሉ ጋሽ ዮናታን፣ እና አገቡበት። ዘጠኝ ለባዶ አለቀ። የደምሰው ተጫዋቾች አንገታቸውን ደፍተው ቆሙ፤ የጋሽ ዮናታን እየዘለሉ ዋንጫ አነሱ። ደምሰው ስክሪኑን በጉጉት ማየቱን ቀጠለ።

«የእኔ ዋንጫስ?» አለ።

«የለህም።»

«ቆይቶ ነው የሚመጣው?»

«አይመጣም። ተነስ።»

ደምሰው አልተነሳም። በእልህ አይደለም፤ የተባለው ነገር አልደረሰውም። ወደ እኔ ዞሮ በሹክሹክታ «ጋሼ፣ ታብሌቱ የተበላሸ መሰለኝ» አለ። ጋሽ ዮናታን ሳቁ። «ድሮም እንዲህ ነበር የሚባለው። ጆይስቲኩ ነው ይሉ ነበር።» ከዚያ ሳቃቸውን አቁመው በሩን ከፈቱ። ልጁን በብብቱ ይዘን ያነሳነው እኔና ጋሽ ናትናኤል ነን።

በቀጣዮቹ ሳምንታት ደምሰው መሸነፍን ሊለማመድ ቆረጠ፤ መሸነፊያ ግን አጣ። የገዛው ታብሌት ሁሉ ይረዳዋል። ዓይኑን ጨፍኖ ተጫወተ፣ አሸነፈ። በክርኑ ተጫወተ፣ አሸነፈ። አንድ ቀን ታብሌቱን በግንባሩ አልጋ ላይ ደፍቶት ገላውን ሊታጠብ ሄደ፤ ሲመለስ የአህጉሩን ዋንጫ በልቷል። የቢሮውን ሰው ሁሉ እየዞረ «እባክህ አሸንፈኝ» ብሎ ለመነ። ወኪሎቻቸው ልመናውን «አብረን እናሸንፍ» ብለው ተረጎሙላቸው፤ ሁሉም በደስታ እሺ አሉት።

ያለን አማራጭ መነሳቱን ለብቻው መለማመድ ሆነ። ከምሳ በኋላ ቢሮዬን እንዘጋለን። እሱ ወንበር ላይ ይቀመጣል፣ የሻይ ትሪ እንደ ታብሌት ጭኑ ላይ ያደርጋል። እኔ «ተሸነፍክ» እላለሁ። ቀስ ብሎ ይነሳል፣ ትሪውን በሁለት እጁ ያቀብለኛል፣ ጎንበስ ብሎ «መልካም ጨዋታ ነበር» ይላል። መጀመሪያ ላይ ትሪው ይንቀጠቀጥ ነበር። በኋላ ሻይ ቢኖርበት እንኳ አንድ ጠብታ የማይፈስስበት አነሳስ ለመደ። እኔ እንደዚያ ዓይነት አነሳስ አሠልጥኜ በማውጣቴ ኮርቼ ነበር፤ ለበላይ ኃላፊዎቼ ላሳይ ሁሉ አስቤያለሁ።

ሁለተኛ ጊዜ ሄድን። ሳፋ፣ ጸጥታ፣ «ተቀመጡ»፣ «አንቀመጥም»። ጋሽ ናትናኤል በዚህኛው ቀን ዱላ ይዘው ነበር፤ ድሮ ሽማግሌ ዱላ የሚይዘው ለምን እንደሆነ ገባኝ አሉ።

ደምሰው ተቀመጠ፣ ተጫወተ። ኳሱ እግሩ ሥር ሲገባ ራሱ ወደ ገዛ ጎሉ ይነዳው ነበር። አሥራ አንድ ለባዶ። ከዚያ እንደተለማመድነው ተነሳ፤ በሁለት እጁ አቀበለ፤ ጎንበስ አለ። «መልካም ጨዋታ ነበር፣ ጋሽ ዮናታን። ብዙ ተምሬያለሁ።»

እኔ ፈገግ አልኩ። ጋሽ ዮናታን ፈገግ አላሉም።

«ልትሸነፍ ነው የመጣኸው» አሉ።

«አዎ» አለ ደምሰው፣ በትሕትና።

«ታዲያ ምን ቀረብህ? ያልፈለግከው ነገር ቢወሰድብህ ምን ይሰማሃል? ሙሽራ መስለህ መጣህ፣ አስተናጋጅ መስለህ ተነሳህ። ልጄ ስትቆጣህ እንዲህ ልታጎነብስላት ነው? በሦስተኛው ወር ትጠላሃለች።»

«በሁለተኛው» አለች አስካለ ከማድ ቤት።

«አይሆንም» አሉ ጋሽ ዮናታን። ጋሽ ናትናኤል በዚህኛው ጊዜ ግድግዳ አልያዙም፤ ለምደውታል። ዱላቸውን ብቻ ጠበቅ አደረጉ።

ደምሰው ሁለተኛው ፎቅ ላይ ስንደርስ ደረጃው ላይ ተቀመጠና አለቀሰ። በሕይወቱ እንዲህ ሲያለቅስ የመጀመሪያው ይመስለኛል፤ አፍንጫውን በምን እንደሚጠርግ እንኳ አላወቀበትም። «ስሸነፍ ጥፋት፣ ሳልነሳ ጥፋት፣ ስነሳም ጥፋት» አለ። «አጣት ይሆን እንዴ፣ ጋሼ?» ወኪሌ ቢሆን «ጊዜው ሲደርስ» ይልልኝ ነበር። ጆሮዬ ውስጥ መልሼው አልነበረም።

ከላይ ኮቴ ተሰማ። አስካለ ነበረች። እጇ ላይ ሌላ ታብሌት አለ፤ ትንሽዬ፣ መስታወቱ እንደ ሸረሪት ድር የተሰነጠቀ፣ የእሷ ቁልፎች ዳር ደግሞ ክክ ሳይሆን ምስር ተለጥፏል። ደምሰው ጭን ላይ አስቀመጠችው።

«በዚህ ነው የተማርኩት» አለች። «አይረዳህም።»

«ምን ላድርግ ታዲያ?»

«ማሸነፍ ፈልግ» አለችውና ደረጃውን ተመልሳ ወጣች።

ክረምቱን ሙሉ ደምሰው ከዚያ ታብሌት አልተለየም። ማሽኑ መጀመሪያ በሰፊው ይቀጣው ነበር። ጠዋት ቢሮ ሲገባ አውራ ጣቱ አብጦ፣ ዓይኑ ቀልቶ ይመጣል። «ጋሼ፣ ትናንት አምስት ለአንድ» ይለኛል። አንዷን ጎል ግን እንዴት እንዳገባት ምሳ ሰዓት አልፎ ይተርክልኛል። ወኪሉን አውጥቶ መሳቢያ ውስጥ ጣለው፤ ኢሙሌተሩ ላይ ሲሆን «እየተሻሻልክ ነው» እያለ ያዘናጋኛል አለ። አልተሻሻልኩም፣ እሱን እኔ አውቀዋለሁ አለ።

ጠባዩም ተለወጠ። አንድ ቀን በስብሰባ መሃል ለከተማው የዝናብ ውሃ ያወጣሁትን ዕቅድ አይቶ «ይሄ ልክ አይመስለኝም» አለኝ። የሌሎቹ ወኪሎች ምን ብለው እንደተረጎሙላቸው አላውቅም፤ ሁሉም አጨበጨቡ። እኔ ቤቴ ሄጄ ትኩሳት ይዞኝ አደርኩ። በማግሥቱ ዕቅዱን ደግሜ አየሁት፤ ልክ አልነበረም።

መስቀል አልፎ ሦስተኛ ጊዜ ሄድን። እማማ ሶልያና ሽምግልና ከሦስት ጊዜ እንደማያልፍ አስጠንቅቀውናል፤ ዛሬ እምቢ ከተባለ ሌላ ቤት ፈልጉ ማለት ነው። ይህን ደምሰውም ያውቃል። ደረጃውን ሲወጣ አላወራም፤ አውራ ጣቶቹን እያሻሸ ነበር።

«ተቀመጡ።»

«አንቀመጥም።»

ጨዋታው ተጀመረ። በዚህኛው ቀን ሶፋው ላይ ከልባቸው የሚጫወቱ ሁለት ሰዎች ነበሩ። ጋሽ ዮናታን ቀድመው አገቡ፤ ደምሰው መለሰ። ጋሽ ዮናታን ደገሙ፤ ደምሰው ጥርሱን ነክሶ መለሰ። ክርን ለክርን ይጋፋሉ። እኔ ስለ ኳስ የማውቀው ሻምፒዮን መሆኔን ብቻ ነው፤ ነገር ግን ሳላስበው አንድ እርምጃ ወደ ሶፋው ተጠግቼ ነበር። ሁለት ለሁለት ሆኖ ሊያልቅ ሲል የደምሰው ባለ ክብሪት እግር ተጫዋች ከሩቅ መታ፤ ኳሷ ገባች። ጋሽ ናትናኤል ዱላቸውን ጣሉ።

ደምሰው አልጮኸም። ትንፋሹን ብቻ ለቀቀ። ዓይኔን ከእሱ ወደ ስክሪኑ ስመልስ ኳሷ መሃል ሜዳ ላይ ነበረች። ሁለት ለሁለት ይላል።

«ጋሽ ዮናታን» አለ ደምሰው ቀስ ብሎ። «አግብቼ ነበር እኮ።»

«የታለ?»

«አሁን። ሁላችንም አይተናል።»

«ስክሪኑ ነው። አርጅቷል፤ አንዳንዴ ይዘላል» አሉ ጋሽ ዮናታን። ጆሯቸው ቀልቷል።

አስካለ እርጥብ እጇን እንደያዘች ከማድ ቤት ብቅ አለች። «አባዬ፣ መለስከው?»

ኢሙሌተሩ ላይ፣ ጥጉ ላይ፣ አንዲት ትንሽ ቁልፍ አለች። ጨዋታውን ወደ ኋላ ትመልሳለች፤ የሆነው እንዳልሆነ ይሆናል። ብቻውን ለሚጫወት ሰው የተሠራች ናት። ሁለት ሰው ሲጫወት እሷን መንካት በዚህ ቤት ሕግ ነውር ነው፤ ሕጉን ያወጡት ራሳቸው ጋሽ ዮናታን ናቸው። ከክኮቹ ሁሉ በጣም የጠቆረው የእሷ ዳር ያለው እንደነበር ያየሁት ያን ጊዜ ነው።

«ጣቴ ሳይነካው አይቀርም» አሉ።

«ከእኔ ጋር መጫወት የተውከውስ?» አለች አስካለ። «አሥራ ሦስት ዓመቴ ላይ ሦስቴ ባሸንፍህ ጊዜ ዓይኔን አመመኝ አልክ። ዓይንህ እስካሁን አልዳነም?»

ጋሽ ዮናታን ወለሉን አዩ። ለእኝህ ሰው አዘንኩላቸው። ያን ሁሉ ዘመን ብቻቸውን አንድ ሶፋ ላይ ተቀምጠው፣ የሚነሳ ሰው እየፈለጉ፣ እሳቸው አንድ ጊዜ እንኳ ሳይነሱ። ደምሰው ታብሌቱን እንደያዘ ጠበቀ። አላጎነበሰም፣ «ምንም አይደል» አላለም። አግብቷል፤ አግብቷል ነው።

«ተነስ፣ አባዬ» አለች አስካለ።

ሊነሱ ሞከሩ። ሶፋው ዝቅ ያለ ነው፤ ጉልበታቸውም እንደኔው ነው። ደምሰው እጁን ዘረጋላቸው። መጀመሪያ እንዳላዩ ሆኑ። ከዚያ ያዙት፤ ተነሱ። የታብሌቱን አንድ ጫፍ ሶፋው ላይ ትተው ክፍሉን ቃኙ።

«ማነው ቀጣይ?» አሉ፣ ድምፃቸው ዝግ ብሎ።

አስካለ እጇን በቀሚሷ ጠርጋ ተቀመጠች።

ያን ጨዋታ ጨዋታ ማለት ይከብደኛል። አውራ ጣቶቿን አላየቻቸውም፤ መስታወቱ ላይ በራሳቸው ይሄዱ ነበር። አንድ፣ ሁለት። ደምሰውን ላብ አጠመቀው። «ክርንሽን ሰብስቢ» አላት። «አንተ ሰብስብ» አለችው። ሦስት። አንዲት ኳስ ወደ ጎሏ ሲልክ ግንባሩ ላይ ያለው ሥር ተገተረ፤ ግብ ጠባቂዋ ያዛት። አራት። ፊሽካው ተነፋ፤ የደምሰው ተጫዋቾች አንገታቸውን ደፉ።

ደምሰው ታብሌቱን አልለቀቀም። ፊቱ በርበሬ መስሏል። በዚያች ደቂቃ ታብሌቱን ይወረውረው ይሆን ብዬ ስፈራ መስኮቱ ክፍት መሆኑን አየሁ፤ አራተኛ ፎቅ መሆናችንም ትዝ አለኝ። እማማ ሶልያና ክንዴን ጨበጡኝ። ሽምግልናችን አበቃ፣ እዚህ ቤት ዳግመኛ አንመጣም ብዬ ለደምሰው የምነግረውን የማጽናኛ ቃል ሁሉ ማዘጋጀት ጀምሬ ነበር።

«ጆይስቲኩ ነው» አለ ደምሰው በጥርሱ መሃል።

ከዚያ ተነሳ። አነሳሱ የተለማመድነው አልነበረም፤ ሶፋው ወደ ኋላ ተንሸራተተ። ታብሌቱን በአንድ እጁ አስካለ ጭን ላይ አደረገላት፤ ቀስ ብሎ ግን፣ ክኩ እንዳይነቀል። አላመሰገናትም፤ ዓይኗንም አላየም። ሶፋውን ዞሮ እኛ ወደቆምንበት መጣና ከጋሽ ናትናኤል ጎን፣ ግድግዳው ሥር፣ እጁን አጣጥፎ ቆመ። ገና እንደተናደደ ነበር። ወደ ጋሽ ዮናታንም ሳይዞር፣ ለክፍሉ በሙሉ፣

«ከማን ቀጥሎ ነው ተራዬ?» አለ።

ይህን ማንም አላስተማረውም። እኔ ራሴ ያን ጥያቄ የሰማሁት በልጅነቴ ነው፤ በታክሲ ሰልፍ፣ በዘይት ሰልፍ፣ እናቴ ስትጠይቅ። ልጁ በዕድሜው ተሰልፎ አያውቅም፤ ቃሉን ከየት እንዳመጣው እንጃ። ተሸንፎ፣ ተናዶ፣ ግን ከዚህ ቤት መውጣት ያላሰበ ሰው ሌላ የሚጠይቀው ነገር ያለ አይመስለኝም።

አስካለ አንገቷን ወደ ታብሌቱ ደፍታ ፈገግ አለች። ጋሽ ዮናታን ልጁን ረጅም ጊዜ አዩት። ሊቆጡ ነው ወይስ ሊያለቅሱ መለየት አልቻልኩም። ተራመዱና ከደምሰው ፊት፣ ከእሱ አንድ እርምጃ ቀድመው ቆሙ።

«ከእኔ ቀጥሎ» አሉት።

ከዚያ ወደ እኛ ዞሩ። «እናንተ ደግሞ ምን ትገተራላችሁ? ተቀመጡ እንጂ።»

እማማ ሶልያና አልቸኮሉም። ሽምግልና የሚያውቁት እሳቸው ናቸው። «እሺ አሉን ማለት ነው?» ብለው ጠየቁ።

«ተቀመጡ አልኩ እኮ።»

ተቀመጥን። ከግድግዳው ሥር ያለችው አግዳሚ ወንበር ለሦስት ሰው አትበቃም ነበር፤ ቢሆንም ተቀመጥን። የጉልበቴን ድምፅ ሁሉም ሰማው። ጋሽ ናትናኤል ፊታቸውን በነጠላ ሸፍነው እያለቀሱ ነበር። «አባዬ፣ ና፤ ተራህ ነው» አለች አስካለ፣ ጋሽ ዮናታንም ሶፋው ላይ ሄደው ተቀመጡ።

ደምሰው ብቻ ቆሞ ቀረ። ተራው ገና ነበር።